የመጨረሻ ሰዓት የማኮብኮቢያ ለውጥ

የመጨረሻ ሰዓት የማኮብኮቢያ ለውጥ ማለት አንድ አውሮፕላን ለማረፍ እየተቃረበ ሳለ፣ አስቀድሞ ከታሰበው ውጭ በሌላ ማኮብኮቢያ እንዲያርፍ ሲደረግ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የነፋስ አቅጣጫ መለወጥ፣ የትራፊክ ብዛት ወይም የማኮብኮቢያው መዘጋት ነው።

በአዲስ አበባ

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች አሉት። ስማቸው የሚወጣው ከኮምፓስ አቅጣጫ ነው፦ ከምዕራብ በኩል ሲታረፍባቸው 07፣ ከምሥራቅ በኩል ሲታረፍባቸው 25 ይባላሉ፤ እርስ በርስ ደግሞ «ግራ» እና «ቀኝ» ተብለው ይለያሉ። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው ያው ቁጥር እያሳየ፣ አውሮፕላኑ በባሕር ጠለል ላይ ካለ ማረፊያ ይልቅ ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ይጓዛል። በሰሜን በኩል ደግሞ የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እንዲህ ባለ ስፍራ ለውጥን ለማስተናገድ ያለው ጊዜ አጭር ነው።

በአብራሪዎች ላይ የሚጨምረው ሥራ

ዘመናዊ አውሮፕላን የሚጓዘው በበረራ ኮምፒውተሩ ውስጥ በተጫነው መንገድ ነው። ማኮብኮቢያ ሲለወጥ አብራሪዎች አዲሱን አቀራረብ መምረጥ፣ የመንገድ ነጥቦቹንና ከፍታዎቹን ከካርታው ጋር ማመሳከር፣ ማረፍ ካልተቻለ የሚወጡበትን መንገድ ማየትና እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን አውሮፕላኑ መውረዱን አያቆምም። ሁለቱም አብራሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ቁልፍ ሲጫኑ፣ የሚበረውን አውሮፕላን የሚከታተል ሰው ይጠፋል።

የካሊ አደጋ

በዚህ ረገድ በሰፊው የሚታወቀው ታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1995) በኮሎምቢያ የደረሰው አደጋ ነው። ከማያሚ ወደ ካሊ ይበር የነበረው የአሜሪካን አየር መንገድ ቦይንግ 757 በማኮብኮቢያ 01 ሊያርፍ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በቀጥታ ወደሚያስገባው 19 እንዲያርፍ ተጠየቀ፤ አብራሪዎቹም ተስማሙ። በጥድፊያ «ሮዞ» የተባለውን የሬዲዮ ጣቢያ ለመምረጥ አንድ ፊደል ሲያስገቡ፣ ኮምፒውተሩ በቦጎታ አቅራቢያ ያለውን «ሮሜዮ»ን ያዘ። አውሮፕላኑም ወደ ግራ ዞሮ ከተራራ ጋር ተጋጨ። ከ163 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች 159ኙ ሞቱ።

ጥንቃቄ

ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው የተነገረውን እንጂ አብራሪው ያሰበውን አይደለም። በመሆኑም አንዱ አብራሪ ያስገባውን ሌላው ሳያረጋግጥ መንገዱ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ጊዜ ካጠረ ከፍታና አቅጣጫን በእጅ መምረጥ፣ በአየር ላይ እየዞሩ መቆየት ወይም ማረፉን ትቶ እንደገና ከፍ ማለት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን አብራሪው ለተቆጣጣሪው «አንችልም» የማለት መብት አለው፤ ይህን ማለት የሚቀለውም ለውጡን ከመቀበል በፊት ነው።