የጠፋችው ሰከንድ

ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ ጀምሮ ሰው ካሜራን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «መልኬን አጥርተህ ታሳያለህ ወይ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «እስከዚያ ድረስስ ስንት ጊዜ ታቆመኛለህ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሻጭም ገዢም በቁጥር ሲመልሱት ኖረዋል። ሁለተኛውን ግን ሱቅ ውስጥ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነበር። ኪስ የምትገባዋ ዲጂታል ካሜራ በነገሠችባቸው አሥራ አምስት ያህል ዓመታት ብዙ ሰው የተታለለው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በዚህ በሁለተኛው በኩል ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1838 ከፍ ካለ መስኮት ላይ ሆኖ ቡሌቫር ዱ ቶምፕል የሚባለውን የፓሪስ ጎዳና ሲያነሳ መንገዱ ሰውና ጋሪ የሚተራመስበት ነበር። ሥዕሉ ላይ ግን ጎዳናው ጭር ብሏል። ብርሃኑ በሳህኑ ላይ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር የተንቀሳቀሰ ሁሉ ጠፋ። ጎልቶ የቀረው እግሩን ለሊስትሮ ሰጥቶ የቆመ አንድ ሰውዬ ነው። ማንነቱን ማንም አያውቅም፤ ጫማው ቆሽሾ ባይሆን ኖሮ እሱም ከታሪክ በተሰረዘ ነበር።

በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ የሚያነሱ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮችም አብረው መጡ። የዚያን ጊዜው አሠራር መስተዋቱ መድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ እንዲነሳበት፣ ሳይደርቅም እንዲታጠብ ያስገድድ ስለነበር ጨለማ ክፍላቸውን ይዘው ነው የሚጓዙት። አምባውንና ከእስር የተፈቱትን ፈረንጆች አንስተዋል። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ ግን አይታወቅም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር፣ ዋይት ደሴት ላይ፣ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ካሜሮን ደግሞ ተነሺዎቿን ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ በማስቀመጥ የምትታወቅ ሴት ነበረች። ያን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ልጁ ዓይን ውስጥ ካለው ሐዘን ምን ያህሉ የወላጆቹ፣ ምን ያህሉ ደግሞ «አትነቃነቅ» የመባሉ ድካም ይሆን እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ፊልም መጣና ይህን ዕዳ ከፈለው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ተራ የሚባለው ካሜራ እንኳ ጣት ሲጫነው በዚያው ቅጽበት «ቀጭ» ይል ነበር። መጠበቅ የሚመጣው በኋላ፣ ባለ 36ቱ ፊልም አልቆ ፎቶ ቤት ሲሰጥ ነው። ያ ሌላ ዓይነት መጠበቅ ነው፤ የተያዘው ተይዟል።

ዲጂታሉ ካሜራ ግን ታሪኩን ከዳጌር መስኮት እንደገና የጀመረው ይመስላል። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሲሲዲ የተባለ ቁራጭ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በ1969 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ አሰቡት፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል አስገኝቶላቸዋል። በ1975 ደግሞ ሮቸስተር ከተማ፣ ኮዳክ ኩባንያ ውስጥ፣ ስቲቨን ሳሰን የተባለ የ25 ዓመት መሐንዲስ ከፊልም ካሜራ ሌንስ፣ ከባትሪዎችና ከካሴት ማጫወቻ አገጣጥሞ 3.6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሣጥን ሠራ። የሚያወጣው ሥዕል ጥቁርና ነጭ ሆኖ 100 በ100፣ ማለትም 10 ሺህ ነጥብ ብቻ ነበረው። እኔን የሚገርመኝ ግን ፍጥነቱ ነው። ምስሉን ለመያዝ የፈጀበት 50 ሺህኛ ሰከንድ፣ ይኸውም የዓይን ጥቅሻ ታህል አልነበረም። የያዘውን ካሴት ላይ ለመጻፍ ግን 23 ሰከንድ ወሰደ። ዓይኑ ፈጣን፣ ጸሐፊው ዘገምተኛ! ይህ የጸሐፊ ዘገምተኝነት የዲጂታል ካሜራ የትውልድ በሽታ ሆኖ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከትሎታል።

ኪስ የምትገባዋ ካሜራ በብዙ ሰው እጅ መግባት የጀመረችው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የካሲዮ ኪውቪ 10 በ1995 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ 320 በ240 ነጥብ ያለው ሥዕል ነበር የምታነሳው፤ ዛሬ የስልክ መስኮት ግማሹን አይሸፍንም። ሆኖም ከጀርባዋ 1.8 ኢንች መስኮት ነበራትና ያነሱትን ወዲያው ያዩባት ነበር። 96 ሥዕል ይዛም ፊልም አትጠይቅም። ሰዎች ለጥራቷ ብለው አልገዟትም።

እኛ ቤት የመጀመሪያዋ የደረሰችው በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ከጫማና ከቪታሚን ጋር በሻንጣ አመጣት። የማርኳ ስም ይቅር። ያዩዋት ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ሜጋፒክስል ናት?» አንድ ሜጋፒክስል አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ ቁጥሩን ስነግራቸው ራሳቸውን በአድናቆት ይነቀንቃሉ። ብዙም ሳይቆይ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ሆነ። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሊስም ሲል ተጫንኩ። ካሜራዋ አሰበች፤ ሌንሷን አስወጣች፣ አስገባች፤ ከዚያ አነሳች። የያዝኩት ስሞ ቀና ያለ ሙሽራና ፊታቸውን ወደ ሌላ እንግዳ ያዞሩ አባት ነው። ሁለተኛ ልሞክር ስል ደግሞ የመጀመሪያውን ካርዱ ላይ እየጻፈች ነበርና እምቢ አለች። አጎቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ካሜራዋ ያን ጊዜ ምን እየሠራች ነበር? ሩቅና ቅርቡን የምትለየው ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰች፣ ጥላና ብርሃኑ ጎልቶ የሚለይበትን ነጥብ በመፈለግ ነው። ብርሃን ባነሰበት አዳራሽ ፍለጋው ይረዝማል። ካገኘች በኋላ ብርሃኑን ትመጥናለች፣ ታነሳለች፣ ቀለሙን ትቀምራለች፣ ትጽፋለች። ባለሙያዎች ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጭነው ፍለጋውን አስቀድመው ያስጨርሱና ቅጽበቱ ሲደርስ ቀሪውን ይጫኑታል። መላው ይሠራል። ግን የሠርግ እንግዳ ሁሉ ይህን አያውቅም፤ ማስታወቂያውም አይነግረውም።

ሁለተኛ ጣጣ ነበረባት፤ ነጭ ልብስ። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚገምተው። ስለዚህ ነጠላና ቀሚስ የሞላበት የአገራችን ግብዣ ፊት ሲቆም «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የለባሿ ፊት ይጠቁራል። ፊቱ እንዲታይ ብርሃን ከጨመሩለት ደግሞ ጥለቱ ከነጠላው ጋር ነድዶ ይጠፋል። ፊልም በዚህ በኩል ታጋሽ ነበር፤ ብርሃን ቢበዛበት ጥቂት ይቅር ይላል።

ታዲያ አምራቾቹ ምን አደረጉ? ነጥብ ጨመሩ። የተራዋ የኪስ ካሜራ ብርሃን ተቀባይ 5.8 በ4.3 ሚሊሜትር ያህል ናት፤ የፊልሙ ገጽ ግን 36 በ24 ነው፤ በስፋት 35 ጊዜ ያህል ይበልጣታል። በዚያች የጥፍር ቁራጭ ላይ ነጥብ ማብዛት ሞሰቡን ሳያሰፉ እንግዳ እንደመጥራት ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። በደብዛዛ ቦታ ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አሸዋውን ለማጥፋት ካሜራዋ ስትዳብሰው ደግሞ ጸጉር በብሩሽ የተቀባ ይሆናል። ፋይሉም ስለሚከብድ ጸሐፊው ይበልጥ ይዘገያል። አንዱ በሽታ ሌላውን አባባሰ ማለት ነው።

ይህን በተግባር ያመነ ኩባንያ መኖሩ ደስ ይላል። ካኖን በ2008 ጂ10 የተባለችውን ካሜራ በ14.7 ሜጋፒክስል አውጥቶ በዓመቱ ተተኪዋን ጂ11ን በ10 ሜጋፒክስል አመጣ። የተቀባዩ ስፋት ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን ወደኋላ ሄደ፤ የደብዛዛ ብርሃን ሥዕሏም ተሻለ። በ2012 ደግሞ ሶኒ አርኤክስ 100 ሞሰቡን ራሱን አሰፋችው፤ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር፣ ከተራዎቹ አራት እጥፍ በላይ። እስከ ዛሬ ድረስ ኪስ የምትገባ ካሜራ ሲባል ለእኔ መለኪያዋ እሷ ናት።

ነገር ግን ዘመኑ መሽቶ ነበር። በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለዓለም ገበያ ያቀረቡት የጃፓን አምራቾች በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። የሳሰን ኮዳክም በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስልክ ገደላቸው ይባላል፤ እውነት ነው፤ አብሮን ስለሚውልም ነው። የፍጥነቱ ነገር ግን ተገቢውን ያህል አልተነገረለትም። ብዙዎቹ ዘመናዊ ስልኮች ካሜራው ገና ሲከፈት ጀምሮ ሳያቋርጡ እያነሱ ለአፍታ ይይዛሉ፤ ጣት ሲጫን ከያዙት ውስጥ ለዚያች ቅጽበት የሚቀርበውን ይሰጣሉ። ያቺን የጠፋችውን ሰከንድ ያገኟት አስቀድመው በመጠበቅ ነው። የስልኩ ተቀባይም ትንሽ ነው፤ ብዙ ሥዕል ደራርቦ አሸዋውን ያጠራዋል እንጂ።

በ2020ዎቹ ወጣቶች እነዚያን አሮጌ የኪስ ካሜራዎች ከመሳቢያ እያወጡ፣ ከሌለም እየገዙ ነው። ፍላሹ ፊት ማንጣቱን፣ ቀለሙ ደፋር መሆኑን ወደውታል። አልፈርድባቸውም፤ እኛም የአያቶቻችንን ቡናማ ፎቶግራፍ የምንወደው በጉድለቱ ነው። ለመግዛት ያሰበ ግን ሜጋፒክስሉን ትቶ የሰከንድ መቶኛ የሚቆጥር ሰዓት ካሜራዋ ፊት ያስቀምጥ። ልክ አሥረኛው ሰከንድ ሲገባ ይጫንና ሥዕሉ ላይ ስንት እንደተጻፈ ይመልከት። አንድ ጊዜ ደጅ በፀሐይ፣ አንድ ጊዜ ማታ በአምፖል ይሞክረው። የእኔዋ በፀሐይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ትዘገያለች፤ በአምፖል ከአንድ ሰከንድ ታልፋለች። ባትሪዋንም አውጥቶ ይይ፤ ብዙዎቹ በመቀመጥ ብዛት አብጠዋል።