ኤስቶንያ ዕውቀትን የኑሮዋ መሠረት እንዴት እንዳደረገች

የአንድ አገር ሀብት የሚመዘነው በመሬቱ ስፋትና ከምድር በሚወጣው ማዕድን ብቻ ነው የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ሥር ሰድዶ ይገኛል። ይህን አሳብ ለመመርመር የኤስቶንያን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኘው ይህች አገር የመሬቷ ስፋት 45,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ የሕዝቧም ቍጥር ከ1.4 ሚሊዮን አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ብዙዎች የኤስቶንያን እድገት ከኮምፒዩተር መምጣት ጋር ብቻ ያያይዙታል። እኛ ግን ሥሩን ከዚያ እጅግ ቀደም ብለን እንፈልገዋለን። በ1632 የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በታርቱ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። በ1684 ደግሞ ቤንግት ጎትፍሪድ ፎርሴሊዩስ የተባለ ሰው በዚያችው ከተማ አጠገብ የመንደር መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። ገበሬው በጀርመናውያን ባላባቶች መሬት ላይ የታሰረ ገባር ነበርና፥ ከዚህ ቀንበር የተላቀቀው በ1816ና በ1819 በወጡት ሕግጋት ነው። ይሁን እንጂ ንባብ ከነጻነት ቀድሞ ወደ ጎጆው ገብቶ ነበር። ስለዚህም በ1897 የሩስያ መንግሥት ሕዝብ ባስቈጠረ ጊዜ፥ ከኤስቶንያውያን መካከል ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ማንበብ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። አገሪቱ በ1918 ነጻነቷን ካወጀች በኋላም በ1919 የታርቱ ዩኒቨርሲቲ በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ።

በ1940 ሶቪየት ኅብረት አገሪቱን ያዘ፤ ነጻነቷም የተመለሰው በ1991 ነው። በዚያ የጭቈና ዘመን እንኳ የዕውቀት ክር አልተበጠሰም፤ በ1960 በታሊን የተቋቋመው የሳይበርኔቲክስ ተቋም በኋላ ለአገሪቱ የሚያስፈልጉ ባለሙያዎችን አፍርቷልና።

ነጻነት ግን ከችግር ጋር መጣ። ለሶቪየት ገበያ ይሠሩ የነበሩ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ብዙ ሠራተኛም ያለ ሥራ ቀረ። በ1992 ክሮን የተባለው የአገሩ ገንዘብ ወጣ፤ በዚያው ዓመትም የታሪክ ምሁሩ ማርት ላር በ32 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ግምጃ ቤቱ ገና ሳይደላደል፥ በ1996 ፕሬዚዳንት ሌናርት ሜሪ «የነብር ዝላይ» የተባለውን ዕቅድ ለሕዝብ አስታወቁ። ዓላማውም ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት እንዲያገኙ ማድረግ፥ መምህራንንም ማሠልጠን ነበር።

ከትምህርት ቤት ቀጥሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተራ ደረሰ። ከ2001 ጀምሮ መዝገቦች ሁሉ በአንድ ቤት ሳይከማቹ፥ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን እየጠበቀ ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መረብ ተዘረጋ። በዚህም መንግሥት አንድ ጊዜ የተቀበለውን ማስረጃ ከዜጋው ዳግመኛ እንዳይጠይቅ ሆነ። በ2002 የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ታደለ፤ በ2005ም ሕዝቡ የአካባቢ ምክር ቤት አባላትን በኢንተርኔት ለመምረጥ ቻለ። በ2003 የወጣውን ስካይፕን የሠሩትም መሐንዲሶች ኤስቶንያውያን ነበሩ።

የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና የገንዘብ ሳይሆን የእምነት ነበር። በ2007 የመንግሥትና የባንኮች የኢንተርኔት ገጾች ለሳምንታት ተጠቁ። በ2017 ደግሞ 750,000 ገደማ በሚሆኑ መታወቂያዎች ላይ የአሠራር ጉድለት ተገኘ። መንግሥት ጉድለቱን ሸሽጎ ቢይዘውና ኋላ ቢገለጥ ኖሮ፥ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቀን በፈረሰ ነበር። ነገር ግን ለሕዝቡ በግልጽ አስታወቀ፤ መታወቂያዎቹንም እስኪታደሱ ድረስ አገደ።

እንግዲህ መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ የሚያነብ ሕዝብና የሚታመን መሥሪያ ቤት ግን አይገዙም። በተለይ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ልናስተውል ይገባናል፤ ባለጉዳዩን አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ እንዲያመጣ ማመላለስን ያስቀረው በመጀመሪያ ሕግና ልማድ ነው፤ ኮምፒዩተር የመጣው ለሕጉ አገልጋይ ሆኖ ነው።