የ1863ቱ የአሜሪካ የባሮች ነፃነት አዋጅ፤ አዋጅን ስለ መመርመር

መግቢያ

«ሊንከን በአንድ አዋጅ ባሮችን ሁሉ ነፃ አወጣ» የሚለው አነጋገር በታሪክ ትምህርት ዘወትር ይሰማል። አነጋገሩ ለማስታወስ ቢቀልም፣ አዋጁን በጥሞና ለሚያነብ ሰው ጐደሎ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአዋጁን መነሻ፣ ይዘትና ውጤት በአጭሩ መርምሮ፣ መምህራን አንድን የመንግሥት አዋጅ ከተማሪዎቻቸው ጋር እንዴት ሊመረምሩት እንደሚችሉ ማመልከት ነው። ዓመታቱና ወሮቹ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አዋጁ የወጣበት ሁኔታ

በ1860 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። በ1861 የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው ጦርነት ሲነሣ የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን መንግሥት ይፋ ዓላማ የአገሪቱን አንድነት ማስጠበቅ እንጂ ባርነትን ማጥፋት አልነበረም።

ዳሩ ግን ባሮቹ አዋጅ እስኪወጣ አልጠበቁም። በሜይ 1861 ሦስት ባሮች በቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሞንሮ ምሽግ ሸሽተው በገቡ ጊዜ፣ የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር ለአሳዳሪያቸው አልመልስም አለ። በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎችም ተከተሏቸው። የደቡብን ማሳ የሚያርሱትና ምሽጉን የሚሠሩት ባሮች ስለ ነበሩ፣ ጉልበታቸውን ለጠላት መተው ጠላትን ማጠናከር መሆኑ እየታወቀ ሄደ።

ከአንቲተም ውጊያ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1862፣ ሊንከን ያመፁት ግዛቶች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተመለሱ ባሮቻቸው ነፃ እንደሚሆኑ አስጠነቀቀ። የተመለሰ ግዛት ባለመኖሩ አዋጁ ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ጸና።

የአዋጁ ይዘትና ወሰን

አዋጁ የሚመለከተው 10 ያመፁ ግዛቶችን ብቻ ነበር። ከኅብረቱ ያልተለዩት ዴላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንተኪና ሚዙሪ፣ እንዲሁም ቴኔሲ፣ የሉዊዚያናና የቨርጂኒያ አንዳንድ ክፍሎች በአዋጁ አልተካተቱም። ይህ በመዘንጋት የሆነ አይደለም። በጊዜው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ባርነትን በራሱ ሥልጣን ሊሽር ስለማይችል፣ አዋጁን ያወጣው በጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነቱ፣ እንደ ጦርነት እርምጃ ነው። የድንበር ግዛቶቹ ወደ ጠላት እንዳይዞሩም ይሠጋ ነበር።

አዋጁ ነፃ የወጡት ሰዎች በጦር ሠራዊቱ እንዲያገለግሉ ፈቀደ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በሠራዊቱ ተሰለፉ። ስለዚህ ነፃነቱን ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ አስከባሪዎችም ሆኑ።

ከአዋጅ ወደ ሥራ

አዋጁ የተጓዘው በወታደር እግር ነበር። በቴክሳስ፣ በጋልቬስተን ከተማ፣ ነፃነቱ በጦሩ ትእዛዝ የተነገረው ጁን 19 ቀን 1865፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። በኬንተኪና በዴላዌር ባርነት ያበቃው በዲሴምበር 1865 በጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ከዚያም በኋላ ነፃ የወጣው አብዛኛው ሕዝብ መሬት አላገኘም። ይሁን እንጂ፣ ማንበብ መማር በብዙ የደቡብ ግዛቶች ተከልክሎበት ስለ ነበር፣ አዋቂና ሕፃን በአንድነት ወደ ትምህርት ቤት ጐረፈ።

ማጠቃለያ

መምህራን በማንኛውም አዋጅ ላይ አራት ጥያቄዎችን ቢያነሡ ይጠቅማል፤ በማን ሥልጣን ወጣ? ማንን ያካትታል፣ ማንንስ ይተዋል? ማን ያስፈጽመዋል? ከአዋጁ በፊት ሕዝቡ ራሱ ምን አድርጎ ነበር? በአገራችን ስለ ባርነት በ1924 እና፣ የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ በ1942 የወጡት አዋጆችም በእነዚሁ ጥያቄዎች ሊመረመሩ ይችላሉ። ለዕቅድ አውጪዎችም ትምህርቱ ግልጽ ነው። አዋጅ በር ይከፍታል፤ በተከፈተው በር ለመግባት ግን መሬት፣ ትምህርትና አስፈጻሚ ያስፈልጋል።