በቤተ ክርስቲያን ወንበር የተቆጠረ የትውልድ ሐረግ

ሚድል ከሽሩዝበሪ ከተማ በስተሰሜን፣ በእንግሊዝ የሽሮፕሻየር ግዛት የምትገኝ ትንሽ የገጠር አጥቢያ ናት። ስሟን የሚያስጠራ ንጉሥ አላፈራችም። ሆኖም ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት የኖሩ ድሆቿን ሳይቀር ዛሬ በስም እናውቃቸዋለን። ይህ የሪቻርድ ጎፍ ውለታ ነው።

ጎፍ በ1635 እ.ኤ.አ. የተወለደ የአጥቢያው ባለርስት ገበሬ ነበር። ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1700 እና በ1701፣ የጎረቤቶቹን ታሪክ ለመጻፍ ሲነሳ መነሻ ያደረገው የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች ነው። በዚያ ዘመን ወንበሩ የቤቱ ንብረት ነበር፤ እርሻው ሲወረስ ወይም ሲሸጥ መቀመጫውም አብሮ ይተላለፋል። ባላባቶቹ ከፊት፣ ባለጎጆዎቹ ከኋላ ይቀመጣሉ። ማን የት ይቀመጥ የሚለው ነገር ምእመናኑን አጣልቷል። ጎፍ የወንበሮቹን አደራደር ነድፎ፣ የእያንዳንዱ ወንበር ቤተሰብ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደተጋባ፣ ርስቱን እንዴት እንዳገኘና እንዴት እንዳጣ ተረከ።

የዘር ሐረግ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ጀግናውን ያገንናል፣ አሳፋሪውን ይዘላል። ጎፍ ግን ሀብቱን በመጠጥ ቤት የጨረሰውንም፣ የሰረቀውንም በየስሙ መዘገበ። መጽሐፉን የማከብረው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

በ1642 በንጉሥ ቻርልስ አንደኛና በፓርላማው መካከል ጦርነት ሲነሳ ጎፍ ገና ልጅ ነበር። የንጉሡ ወገን በሚድል ኮረብታ ላይ ጦር ሲመለምል ሄዶ አየ። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ ለንጉሡ የሚዘምት በሳምንት ዐሥራ አራት ግሮት ይከፈለዋል ይላል። ግሮት አራት ፔንስ የሚያወጣ የብር ሳንቲም ነበር። ከሚድል፣ ከማርተንና ከኒውተን መንደሮች ሃያ ሰዎች ዘመቱ፤ ዐሥራ ሦስቱ ሞቱ። ከመካከላቸው ሪቻርድ ቻሎነር የሚባል፣ ከጋብቻ ውጭ ተወልዶ በከፊል በአጥቢያው ምጽዋት ያደገ ወጣት ይገኝበታል። ሽሩዝበሪ ሄዶ ተመዘገበ፣ ለኤጅሂል ጦርነት ዘመተ፣ ከዚያ በኋላ በአገሩ ወሬው አልተሰማም። የአዛዦቹን ገድል ብዙዎች ጽፈዋል። የዚህን ልጅ ስም ያቆየው ጎፍ ነው።

ጎፍ በ1723 ዐረፈ። ሥራው የመጀመሪያ ኅትመቱን ያገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1834 ነው።