ዳኛ ያልነበረው ውል

የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን በመስከረም 1945 ዓ.ም. ተመሥርቶ በኅዳር 1955 ፈረሰ። የመፍረሱ ነገር ሲነሣ አንዱ ወገን የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን መጠቅለል፣ ሌላው የአንድነት ፓርቲ ሰዎችን ከኢትዮጵያ ጋር የመዋሐድ ልባዊ ፍላጎት ይጠቅሳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሰነዱን መርምሮ ለሚያይ ግን ጥፋቱ ከሰዎቹ ጠባይ ይቀድማል፤ ውሉ ሲጻፍ ተዋዋዮቹ ቢጣሉ የሚዳኛቸው አልተሰየመም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ቁጥር 390 ውሳኔ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ራሷን የምታስተዳድር የፌዴሬሽን አካል እንድትሆን ተደነገገ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጡ፤ ፖሊስ፣ የአካባቢ ግብርና የራሷ በጀት ለኤርትራ ቀሩ። የቦሊቪያ ተወላጁ ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንሶ በኮሚሽነርነት ያሰናዱትን ሕገ መንግሥት 68 አባላት ያሉት የኤርትራ ምክር ቤት በሐምሌ 1944 ተቀበለው። ትግርኛና ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆኑ፤ የራሷ ሰንደቅ ዓላማም ተሰቀለ። ይሁንና «የፌዴራል መንግሥት» የተባለው ማን ነው ቢባል፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሌላ የሚጠቆም አልነበረም። ከሁለቱም ወገን እኩል ተወካዮች የሚቀመጡበት ምክር ቤት በውሳኔው ቢታሰብም ሥልጣኑ ከምክር አያልፍም። አስመራና አዲስ አበባ በተለያዩ ቁጥር አዲስ አበባ ባለጉዳይም ዳኛም ሆና ትሰየም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዚህ ቀዳዳ የገባ ነው። በ1947 ሐምሌ የኤርትራ ዋና አስተዳዳሪ ተድላ ባይሩ ሥልጣን ለቀቁ። የተኳቸው አስፍሐ ወልደ ሚካኤል የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ምክትል ነበሩ፤ ያንንም ሹመት ሳይለቁ ሁለቱን ደርበው ያዙ። ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት በአንድ ወንበር ተቀመጡ ማለት ነው። በ1951 የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ ወረደ፤ በ1952 «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ፌዴሬሽኑ ሲሻር የቀረው ስሙ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ የወሰነው የኤርትራ ምክር ቤት ራሱ ነው የሚል መከራከሪያ አለ። የአንድነት ደጋፊው በተለይ በደጋው ብዙ እንደነበር አይካድም፤ የመጨረሻው ስብሰባ አካሄድ ግን እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ድምፁ ንጹሕ ነበር ብንል እንኳ፣ የኤርትራ ሕገ መንግሥት ከፌዴራሉ ውል ጋር የሚጋጭ ማሻሻያ እንዳይገባበት ራሱ ከልክሎ ነበር። ክልከላውን የሚያስከብር ግን አልነበረም። ሌላው መከራከሪያ ኤርትራ በራሷ ገቢ መቆም አትችልም ነበር ይላል። ድህነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሳኔው ወደ ኤርትራ ከሚገባ ዕቃ የሚሰበሰበውን ቀረጥ ለኤርትራ ሰጥቷል። ድርሻው አነሰ ተብሎ ክርክር ሲነሣ ሒሳቡን የያዘው ያው አንዱ ተከራካሪ ነበር። የድህነቱ ክርክርም ዞሮ ዞሮ ወደ ዳኛው ይመልሰናል።

እማኝ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ውሉን ካስጨረሰ በኋላ ፊቱን አዞረ። ኤርትራዊው ፖለቲከኛ መሐመድ ዑመር ቃዲ አቤቱታቸውን ኒው ዮርክ ድረስ ይዘው ሄዱ፤ ሲመለሱ የጠበቃቸው እስር ቤት ሆነ። ብዙ ጊዜ የኤርትራ ጦርነት የፌዴሬሽኑ መፍረስ ውጤት ነው ይባላል፤ የቀኖቹ ቅደም ተከተል ግን ሌላ ይናገራል። ሐሚድ እድሪስ ዓዋተ የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሱት በነሐሴ መጨረሻ 1953 ነው፤ ፌዴሬሽኑ ገና በሕግ ቆሞ ሳለ። በአገራችን ልማድ አቤት የሚልበት ያጣ ሰው «ዱር ቤቴ» ይላል። ፌዴሬሽኑን የሻረው የ1955ቱ ትእዛዝ ሲወጣ ዱር የገባው ከገባ ዓመት አልፎት ነበር።