የካሚሪቱ መድረክ፦ ከመሠረተ ትምህርት እስከ ስደት

በኬንያ ውስጥ በሊሙሩ አካባቢ የምትገኘው የካሚሪቱ መንደር ነዋሪዎች አብዛኞቹ በእርሻና በፋብሪካ ተቀጥረው የሚሠሩ ድኾች ነበሩ። በመንደሪቱ የተቋቋመው የማኅበረሰብ ትምህርትና ባህል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 የጎልማሶችን መሠረተ ትምህርት ጀመረ። ፊደል ማስቈጠር ብቻውን ግብ አልነበረምና፣ ማዕከሉ ቀጥሎ ወደ ቴያትር ተሸጋገረ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ መሬቱን ስለሚነጠቅ ሠራተኛ በጊኩዩ ቋንቋ ተውኔት ጻፉ። ነዋሪዎቹም ቋንቋውንና ዘፈኑን አረሙ፤ ከ2,000 ሰው በላይ የሚይዝ ጣሪያ የለሽ መድረክ በገዛ እጃቸው ሠሩ።

ተውኔቱ ጥቅምት 2 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ቀረበ። ስድስት ሳምንት ያህል እንደ ታየ ፈቃዱ ተነሣ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተይዞ ያለ ፍርድ ታሰረ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ ያሳተመው፣ ሥርዓቱን አጥብቆ የሚነቅፈው ልብ ወለድ ግን አልታገደም። ከዚህ እንደሚታየው ያስፈራው ነቀፌታው ራሱ ሳይሆን፣ ገበሬውና ሠራተኛው በሚገባቸው ቋንቋ መነገሩ ነው።

ደራሲው በካሚቲ ወኅኒ ቤት ሳለ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ በ1980 ሲታተም፣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ጮክ ብሎ ያነብለት ጀመር። በ1982 ሌላ ተውኔት ተከለከለ፤ የካሚሪቱም መድረክ በፖሊስ ኃይል ፈረሰ። በዚያው ዓመት ወደ ለንደን የሄደው ንጉጊ ቢመለስ እንደሚታሰር ስለ ተረዳ በስደት ቀረ፤ ዋ ሚሪም ወደ ዚምባብዌ ተሰደደ።

ስደት ንጉጊን ከዳግም እስራት አዳነው፤ ከመንደሩ አራሚዎች ግን ለየው። በ1986 በጊኩዩ ያሳተመው ልብ ወለድ በተከታዩ ዓመት በኬንያ ከየመደብሩ ተለቀመ። አገሩን ዳግም ያየው በ2004 ሲሆን፣ በ2025 በአሜሪካ ዐረፈ።

ይህ ታሪክ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚያስተምረው ግልጽ ነው። የመሠረተ ትምህርት ውጤት ፊደል በቈጠሩት ሰዎች ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም፤ ተማሪው በተማረው ፊደል የራሱን ኑሮ ጽፎ፣ አርሞና ተከራክሮ ለማቅረብ መቻሉም መመዘን አለበት። የካሚሪቱ ነዋሪዎች መድረካቸው ቢፈርስም፣ ይህን ችሎታ በሥራ አስመስክረዋል።