ጨው ማስለቀቅ፦ ከባሕር የወጣ አውሮፕላን የሚድንበት ሥራ

«ዲሳሊኔሽን» ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው የባሕር ውሃ ለመጠጥ እንዲሆን የሚጣራበትን ሥራ ነው። የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ግን በዚሁ ቃል ሌላም ነገር ይጠሩበታል፤ ባሕር ውስጥ ለዘመናት የቆየ ዕቃ የመጠጠውን ጨው ቀስ በቀስ አጥቦ ማስወጣትን። ለዚህኛው ትርጉም «ጨው ማስለቀቅ» የሚለውን አቀርባለሁ። «ጨው ማውጣት» ብንል አሞሌ የሚቆረጥበትን የአፋርን ሜዳ ያስታውሰናል፤ «ማጣራት» ካልን ደግሞ ወደ መጠጥ ውሃው እንመለሳለን። ግብጦ ተዘፍዝፎ ውሃው ሲቀያየርለት ምሬቱን ለቀቀ እንላለን፤ ከባሕር የወጣ ብረትም ጨዉን የሚለቀው እንዲሁ በውሃና በጊዜ ነው። ይህን ሥራ ለመሥራት ያልተዘጋጀ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሰመጠን አውሮፕላን ከነጭራሹ ባይነካው ይሻላል የሚል አቋም አለኝ።

ምክንያቱ ያለው አውሮፕላኑ በተሠራበት ነገር ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን አውሮፕላኖች አካል በአብዛኛው ዱራሉሚን፣ ማለትም መዳብና ጥቂት ማግኒዚየም የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነው። መዳቡ ጥንካሬ ይጨምርለታል፤ መበላትን የመቋቋም አቅሙን ግን ይቀንስበታል። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ራሱን የሚሸፍንበት ስስ የኦክሳይድ ልባስ ያበጃል። የባሕር ጨው ክሎራይድ ይህን ልባስ ይበሳዋል፤ በቀዳዳው ውስጥ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ቀዳዳውን ይበልጥ ያጠልቀዋል። አሸዋ የለበሰ አካል ኦክስጅን ስለሚያንሰው ጉዳቱ ይዘገያል። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጨዉ ውስጡ እንዳለ ኦክስጅኑን እንደ ልብ ያገኛል። ባሕር ውስጥ ለሰባ ዓመት ቅርጹን ይዞ የኖረው ክንፍ ደረቅ መሬት ላይ ነጭ ዱቄት እያወጣ መፈራረስ የሚጀምረው በዚህ የተነሣ ነው።

የእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን 1940 ተመትቶ እንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ጉድዊን ሳንድስ በሚባለው የአሸዋ ደለል ላይ የወደቀው የጀርመን ቦምብ ጣይ ዶርኒየር 17፣ በ2008 ጀርባው ወደ ታች ተገልብጦ ተገኘ። ከአራቱ የበረራ ሠራተኞች ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለቱ ተማርከዋል። ሰኔ 10 ቀን 2013 በክሬን ተነሥቶ ኮስፎርድ ወዳለው የሙዚየሙ ቅርንጫፍ ተወሰደ። እዚያ በፕላስቲክ ዋሻ ውስጥ ተደርጎ፣ የሎሚ አሲድ በኮስቲክ ሶዳ ተለዝቦ የተቀላቀለበት ውሃ ያለማቋረጥ ይረጭበት ጀመር። የአሲዱ መጠን የተመረጠው በጥንቃቄ ነው፤ በጣም ቢበረታ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል፣ ኮስቲክ ሶዳው ቢበዛም እንዲሁ። ውህዱ በአካሉ ላይ የተጋገረውን የባሕር ዛጎል ያላላዋል፤ ሠራተኞቹም የላላውን ብረቱን በማይጭር የፕላስቲክ መፋቂያ ያነሡታል። ክሬኑ ሥራውን በአንድ ምሽት ጨረሰ፤ ርጭቱ ዓመታት ፈጀ። በጋዜጣ የወጣው ግን የክሬኑ ፎቶ ነበር፤ ገንዘብ ሰጪውም ሕዝቡም ለማንሣቱ የሚጓጓውን ያህል ለማጠቡ አይጓጓም።

ታዲያ ይህን ያህል ድካም ለምን፣ እዚያው ባሕር ውስጥ ይቆይ የሚል ተቃውሞ አለ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። በውሃ ውስጥ ስላለ ቅርስ የወጣው የ2001 የዩኔስኮ ስምምነት ራሱ ዕቃውን ባለበት መጠበቅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው አማራጭ ነው ይላል። አስከሬን ያለበት አውሮፕላን ሲሆን በዚህ እስማማለሁ፤ መቃብር ነውና። ግን ባለበት መጠበቅ የሚቻለው ቦታው ሲጠብቅ ነው። የጉድዊን አሸዋ ይንቀሳቀሳል፤ አውሮፕላኑን ሸፍኖ ያቆየው አሸዋ ገለል ሲል ለወራጅ ውሃና ለመረብ አጋልጦታል። ከዓይነቱም በአመዛኙ ሙሉ ሆኖ የተረፈ ሌላ አልታወቀም ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በቦታው ተዉት ማለት ቀስ ብሎ ይጥፋ ማለት ይሆናል።

ፎቶና የሦስት አቅጣጫ ቅኝት በቂ ነው የሚሉም አሉ። ቅኝት ቅርጽን ያስቀራል፤ የዱራሉሚኑን ውህደት፣ የምስማሩን አመታት፣ ጥይት የበሳውን ቀዳዳ ጠርዝ ግን ወደፊት በአዲስ መሣሪያ መርምሮ ማወቅ የሚቻለው ዕቃው ራሱ ካለ ብቻ ነው። ወጪን በተመለከተ ግን ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው፤ ስለዚህም የማንሣት ፈቃድ የሚሰጥ አካል ከክሬኑ ውል በፊት የማጠቢያውን ቦታ፣ የባለሙያውን ስምና የዓመታቱን በጀት ሊጠይቅ ይገባል። የዶርኒየሩ ማጠቢያ ውህድ አውሮፕላኑ ገና ባሕር ውስጥ ሳለ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተጠንቶ ነበር።